የሦስት ብር ዕዳ

ከአያቴ የወረስሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አፉ የተሸረፈ ጥቁር ጀበና፣ ሁለተኛው ሦስት ብር። ጀበናው በመጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል፤ ሦስቱ ብር ደግሞ ከጎኑ፣ በቁራጭ ጨርቅ ተቋጥሮ። ጀበናው የእኔ ነው። ገንዘቡ ግን የእኔ አይደለም፤ የአያቴም አልነበረም። የአንዲት ሴት ነው። ሴትዮዋ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም፤ ስሟንም አላውቅም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስሟን ባለማወቄ ነው።

ያደግሁት ጎንደር፣ በአያቴ ቤት ነው። እምዬ እያልሁ ነበር የምጠራት። ያ ቤት አሁን ሳስበው ከእግር እስከ ራሱ አፈር ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ በእበት የተለቀለቀ መሬት፣ ዕቃው ሸክላ። ማለዳ ስነቃ መጀመሪያ የምሰማው ጣሳ እንስራው ውስጥ ሲጠልቅ የሚወጣውን ድምፅ ነው። የእንስራ ውሃ በበጋም ቀዝቃዛ ነበር፤ ሸክላው በስሱ እያላበ ውሃውን ያበርደዋልና። ከምድጃው ላይ ምጣዱ፣ ከአጠገቡ የወጥ ድስቱ፣ በጓዳው ጥግ ማድጋውና ገንቦው፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ እንደ ቤቱ አባወራ ሆዱን ገልብጦ የሚቀመጠው የጠላ ጋን ነበሩ። የተሰበረ ዕቃ እንኳ ሥራ አይፈታም። እሳት ሲጠፋብን ከጎረቤት ፍም የማመጣው በእንስራ ስባሪ፣ በገል ነበር። ከጎጆው አናት ላይ ሣሩን አንድ ላይ አጥብቆ የሚይዘው ጉልላት ሳይቀር ሸክላ ነው። ከእግራችን በታች አፈር፣ ከራሳችንም በላይ አፈር ነበር።

አዲስ የሸክላ ዕቃ ወደ ቤት ሲገባ እምዬ ወዲያው ሥራ አታስጀምረውም። መጀመሪያ ይሟሻል። ምጣድ ከሆነ እሳት ላይ ተጥዶ በጎመን ዘር ይታሻል፤ ዘሩ እየተቃጠለ ቅባቱን ለሸክላው ይሰጣል፤ ምጣዱም ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ እንጀራውን ሳይዝ መልቀቅ ይማራል። ጋን ከሆነ በግራዋ ቅጠል ደጋግሞ ይታጠባል፤ ከዚያ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ በወይራ ጢስ ይታጠናል። የወይራው ሽታ ሸክላው ውስጥ ዘልቆ ይቀርና በኋላ ከጠላው ጋር አብሮ ይጠጣል። «ለምንድን ነው እንዲህ የምንደክመው?» ብዬ ስጠይቃት፣ «እንግዳ ነው እኮ፤ ቤቱን ይልመድ» ትለኝ ነበር። ሸክላን እንደ ሰው ትቆጥር ነበር፤ ያኮርፋል፣ ይቀየማል፣ ይለምዳል።

ሸክላ የዘወትር ዕቃ ብቻ አልነበረም። በየወሩ በ12 የሚካኤል ማኅበር ተራው ሲደርሰን ጋኑ ከሳምንት በፊት ይታጠናል፤ ብቅሉና ጌሾው ይገባል፤ ድፍድፉ ተጨምሮ አፉ በጭቃ ይመረጋል። መቀመጫው ክብ ስለሆነ ዙሪያውን በድንጋይ ይደገፋል፤ «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚለውን ተረት ትርጉሙን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ጠጠሩን ራሴ ለቅሜ በማቅረብ ነው። የማኅበሩ ጽዋ በእኛ ዘንድ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማድጋ ነበረች። ጸሎቱ ደርሶ ጽዋዋ ከዚህ ወር ባለተራ ወደ መጪው ወር ባለተራ ስትተላለፍ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌው ሳይቀር ከመቀመጫው ይነሣል። ያችን ማድጋ ማን እንደ ሠራት ግን ማንም አንሥቶ አያውቅም።

የሠራቻት ሸክላ ሠሪዋ ናት። እኛ የምንጠራት እንዲሁ ነበር፤ «ሸክላ ሠሪዋ መጣች»፣ «ሸክላ ሠሪዋን ጥሯት»። የምትመጣው ከወለቃ ነው፤ ከጎንደር ወጣ ብሎ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው መንደር። የከተማችን ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ቢሆንም እሷ ቅዳሜ አትመጣም፤ ቤተ እስራኤል ነበረችና ሰንበቷን ታከብራለች። በሥራ ቀን፣ ዕቃዋን በገለባ አስጠግታ በአህያ ጭና ወይም በጀርባዋ አዝላ በየደጃፉ ትዞራለች። ቀጠን ያለች፣ ጣቶቿ ረጃጅም፣ ጥፍሮቿ ሥር ሁልጊዜ ደረቅ ጭቃ ያለባት ሴት ነበረች። ከደጃፋችን አልፋ ግን አትገባም። እምዬ በበሩ ትወጣና ዕቃውን እያነሣች በጣቷ አጥንት ታንኳኳዋለች። ጤነኛ ሸክላ ሲመታ እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ግን ድምፁ ይሞታል። ሴትዮዋ እምዬን ሳይሆን ሸክላዋን እያየች፣ «ያንኳኩት እሜቴ፣ ደግመው ያንኳኩት» ትላለች። ኮርታ ነበር የምትለው። ድምፁ የሞተ ዕቃ አምጥታ አታውቅም።

እኔ ይህን ሁሉ የማየው በነጠላ ቀዳዳ ነው። ሴትዮዋ ስትመጣ እምዬ መጀመሪያ የምትሠራው ነገር የእኔን ፊት በነጠላዋ መሸፈን ነበርና። ምድጃው ላይ የተጣደ ወጥ ካለም ይከደናል። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባል ነበር፤ ዓይኗ ሕፃን ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ትሆናለች ይባል ነበር። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እምዬ ለእግዚአብሔር እንግዳ መኝታዋን የምትለቅ፣ የጎረቤትን ልጅ ከራሷ ልጅ ሳትለይ ያሳደገች ሴት ናት። ግን ፊቴን ትሸፍነው ነበር፤ ሴትዮዋም ስትሸፍነው ታያለች። አንድም ቀን ምንም ስትል አልሰማኋትም።

እውነቱን ለመናገር ርቀቱ ከሁለቱም ወገን ነበር። ቤተ እስራኤሎችም የራሳቸው የንጽሕና ሕግ ነበራቸው፤ የውጭ ሰው ከነካቸው ሳይታጠቡ ወደ ቤታቸው አይገቡም፤ ስለዚህም በድሮ ጊዜ «አትንኩኝ» ይባሉ ነበር። ሴትዮዋ ከእኛ ውሃ ለምና አታውቅም፤ የራሷን ውሃ በራሷ ቅል ይዛ ትመጣለች። ነገር ግን ሁለቱ ርቀቶች እኩል አልነበሩም። የእነሱ ከሕጋቸው የመጣ ሲሆን የእኛ ከንቀት የመጣ ነው፤ ከንቀቱ ጀርባ ደግሞ መሬት አለ። ለብዙ ዘመን ርስት ተነፍገው ኖረዋል። ጎንደር በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሥታት መቀመጫ ስትሆን ከግንበኞቿና ከአናጢዎቿ መካከል እነሱ ነበሩበት፤ ወንዶቻቸው ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ይሸምናሉ፤ ሴቶቻቸው ሸክላ ይሠራሉ። የሚያርሱት መሬት የራሳቸው ስላልሆነ አፈሩን ራሱን ሥራ አደረጉት። መሬት ለአራሹ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ስሙ ግን ከአዋጁ በኋላም አልለቀቃቸውም። ነገሩ የጎንደር ብቻም አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያም ሸክላ ሠሪ ወገኖች ከገበሬው ጎረቤታቸው ጋር ማዕድም ጋብቻም ሳይጋሩ ኖረዋል፤ በአዲስ አበባ በቀጨኔ የሚሠሩ እናቶችም ይህንኑ ስም ተሸክመውታል።

ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ቀን ጠየቅኋት። ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሊቀዳ ነበር።

«እምዬ፣ ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ከሆነች በሠራችው ጀበና ለምን እንጠጣለን?»

እምዬ ጀበናውን እንደ ያዘች ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ፣ «እሳት አልፎበታል እኮ ልጄ» አለችኝና ቡናውን ቀዳች።

መልሱ ያኔ በቂ መስሎኝ ነበር። እሳት ያለፈበት ነገር ንጹሕ ነው። በሴትዮዋ በራሷ ላይ ስንት እሳት እንዳለፈ መጠየቅ የጀመርሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

በ1982 ዓ.ም. ሚያዝያ አያቴ ሰውየው ዐረፉ። ለተዝካሩ ትልቅ ጋን አስፈለገ፤ ያለን ጋን ከሥሩ ተሰንጥቆ ነበርና። ሸክላ ሠሪዋ በግንቦት መጀመሪያ ጋኑን በአህያ አመጣችው። እምዬ አንኳኳችው፤ ጮኸ። ሲከፈል ግን ከዋጋው ሦስት ብር ጎደለ፤ የቀብሩ ወጪ ቤቱን አራቁቶት ነበር።

«ለሰኔ ሚካኤል እሰጥሻለሁ» አለች እምዬ።

«ግድ የለም እሜቴ» አለች ሴትዮዋ። «እግዜር ነፍሳቸውን ይማር።»

ከዚያ ቀን በፊት ከዕቃ ዋጋ ሌላ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። እኔ ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ፊቴን መሸፈንም ቀርቶ ነበር። ሴትዮዋ አህያዋን ነድታ ስትሄድ ዞር ብላ ቤቱን አየችው። ለምን እንዳየችው ያኔ አልገባኝም።

ሰኔ ሚካኤል መጣና አለፈ፤ እሷ አልመጣችም። እምዬ ሦስቱን ብር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ጠበቀች። ሐምሌ ገባ። አንድ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል «ዕዳ ይዤ ጾም አልገባም» ብላ ተነሣች፤ እኔንም አስከትላ ወለቃ ድረስ በእግሯ ሄደች። መንደሩ ውስጥ በራቸው የተከፈተ ባዶ ቤቶች አየን። በአንዱ ደጅ ገና ያልተተኮሱ እንስራዎች ዝናብ እየመታቸው ወደ ጭቃነት ሲመለሱ አየሁ። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ወደ እስራኤል ለመሄድ ወደ አዲስ አበባ ተጉዘው ነበር። የቀሩ ጥቂት ሰዎችን አገኘንና እምዬ፣ «ያቺን ሸክላ ሠሪ ፈልጌ ነበር» አለቻቸው።

አንድ ሽማግሌ «የትኛዋን?» አሉ።

«ሸክላ ሠሪዋን።»

«እዚህ ያሉት ሴቶች ሁሉ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው፤ ስሟ ማን ነው?»

እምዬ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ በደጃፋችን የቆመች ሴት ናት። የምንበላው እንጀራ በእሷ ምጣድ ተጋግሯል፤ የምንቆምላት ጽዋ የእሷ እጅ ሥራ ናት፤ ባሏ የተሸኙበት ጠላ በእሷ ጋን ተጠምቋል። «ቀጠን ያለች» አለች። «ጣቶቿ ረጃጅም የሆኑ።» ሽማግሌው በትዕግሥት ራሳቸውን ነቀነቁ። በመልሳችን መንገድ ላይ እምዬ አንድም ቃል አልተናገረችም።

በዓመቱ፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ መንግሥት ሊለወጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤሎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓዙ። ወሬውን በሬዲዮ ስንሰማ እምዬ ስፌቷን አስቀምጣ፣ «እሷም ሄደች ማለት ነው» አለች። ሁለታችንም ማንን ማለቷ እንደ ሆነ አላጣነውም።

ከዚያ ወዲህ ሦስቱ ብር በቁራጭ ጨርቅ ተቋጥሮ አሮጌው ጀበና ውስጥ ተቀመጠ። የተቸገርንበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ ያ ቋጠሮ ግን አልተፈታም። አንድ ጊዜ ብቻ ተፈትቷል። በ1990 ዓ.ም. የብር ኖት ሲቀየር እምዬ በምርኩዟ ባንክ ድረስ ሄዳ ተሰለፈች፤ ሦስቱን አሮጌ ብር በሦስት አዲስ ብር ቀይራ መለሰች። «የሰው ገንዘብ በእጄ ላይ ሊሞት ነው እንዴ?» አለች። ከወለቃ ከተመለስን ወዲህ ደግሞ «ቡዳ» የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም። ይቅርታ የምትለው ሰው አልነበራትም፤ ያላት ዝም ማለት ብቻ ነበር።

እምዬ ስታርፍ ቤቱ ተለውጦ ነበር። እንስራውን ቢጫ ጀሪካን፣ ጋኑን የፕላስቲክ በርሜል፣ ድስቱን ብረት ተክተውት ነበር። የተዝካሩ ጋን ለእሷም ተዝካር አገልግሎ፣ በሦስተኛው ዓመት ለሁለት ተሰነጠቀ። ከመሞቷ በፊት ጀበናውን አስመጥታ፣ «ስትሰማ ኖረሃል፤ ካገኘሃት ክፈልልኝ» አለችኝ። «ስሟን ደግሞ ጠይቅልኝ።»

አማርኛችን አንድ የሚያስገርም ቃል አለው። ሸክላ የሚባለው የአፈር ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የዘፈን ሸክላም አለ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹበት ጊዜ ጀምሮ የዘፋኝ ስም በሸክላ ላይ ይጻፋል። እኔም አንድ አሮጌ የሙዚቃ ሸክላ አለኝ፤ መሐሉ ላይ ድምፃዊው ማን እንደ ሆነ፣ የሙዚቃ ጓዱ ማን እንደ ሆነ ተጽፎበታል። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ስድቡን ሊከለክል ይችላል፤ ስም እንድንጠይቅ ግን የሚያስገድድ አዋጅ የለም። አንዱ ሸክላ ስም ተጽፎበት በመስታወት ሣጥን ይቀመጣል፤ ሌላው ሸክላ ያለ ስም አገር ሲያበላ፣ ሲያጠጣ፣ ሲያስታርቅ ኖረ።

በ2011 ዓ.ም. ለጥምቀት ጎንደር ወረድሁና በዓሉ ሲያልፍ ወደ ወለቃ ሄድሁ። ቤተ እስራኤሎቹ አብዛኛዎቹ ከሄዱ ቆይቷል፤ በመንገዱ ዳር ግን ዛሬም ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች አሉ። ከአንዷ አጠገብ ተቀምጬ ሥራዋን አየሁ። አፈሩ ከተቆፈረበት መጥቶ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፣ ይነፋል፤ ከውሃ ጋር ተቦክቶ እንደ ሊጥ ይታሻል። መዘውር የላትም፤ ራሷ በሸክላው ዙሪያ ትዞራለች። በአንድ እጇ ከውስጥ ደግፋ በሌላው ከውጭ እየሳበች ሆዱን ታወጣለች፤ አንገቱን ትሠራለች፤ በለስላሳ ጠጠር እያሸች ታብለጨልጨዋለች። ደርቆ በኩበትና በጭራሮ ሲተኮስ ቀናት ያለቁበት ሥራ በአንድ የነፋስ ሽውታ ሊሰነጠቅ እንደሚችል ነገረችኝ። «ስትጮኽ እሰማታለሁ» አለች። «ጧ ስትል፣ የቷ እንደ ሆነች ሳላይ አውቃታለሁ።»

ጀበና ገዛሁና ስሟን ጠየቅኋት።

«ለምን ፈለግኸው?» አለች ቀና ብላ።

«ጀበናው ላይ ልጽፈው።»

ሳቀች። «ሰው ዋጋ ነው እንጂ ስም አይጠይቅም» አለች፤ ከዚያ ግን ስሟን ከነአባቷ ነገረችኝ። ከጀበናው መቀመጫ ሥር በብዕር ጻፍሁት። ዛሬ በቤቴ ቡና ሲፈላ፣ እንግዳ ጀበናው ውብ ነው ሲለኝ ስሟን እነግረዋለሁ። ትንሽ ነገር ነው፤ ዕዳ ግን አይከፍልም፤ ሌላ ሰው ናትና።

የዚያን ዕለት ማታ አሮጌውን ጀበና አወረድሁና ቋጠሮውን አውጥቼ ገለበጥሁት። ከሥሩ የተጻፈ ነገር የለም። ከእጀታው ግርጌ፣ እጀታው ከሆዱ ጋር በተጣበቀበት ቦታ ላይ ግን አንድ ጎድጎድ ያለ ምልክት አገኘሁ። ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ አውራ ጣት ተጭኖበታል። ጣቴን ከተትሁበት፤ ጠበበኝ። ቀጭን ጣት ነበር። ቋጠሮውን ወደ ውስጥ አልመለስሁትም፤ እንድትታየኝ ብዬ ከጎኑ አኖርኋት።

ውድ አንባብያን፣ ከእናንተ መካከል ዛሬ በእስራኤል አገር የምትኖሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናታችሁ ወይም አያታችሁ ከወለቃ የሄዱ ከሆነ፣ አንድ ነገር ጠይቁልኝ። በ1982 ዓ.ም. ግንቦት፣ ባሏ ለሞተባት አንዲት የጎንደር ሴት የተዝካር ጋን በአህያ ጭነው አምጥተው ነበር? ከዋጋው ሦስት ብር ቀርቷቸው፣ «ግድ የለም እሜቴ» ብለው ነበር? እንግዲያው ገንዘቡ አለ፤ አልጠፋም። ጋኑ ሁለት ተዝካር አገልግሏል፤ እስኪሰበር ድረስም ሲያንኳኩት ይጮኽ ነበር። ይህን ንገሯቸው። ከዚያም፣ እባካችሁ፣ ስማቸውን ንገሩኝ።